ነጥቧ የማትሰማው ዝ

እናቴ ከታመመች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ቃል ሙሉ ሆኖ አይወጣም ነበር። ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል። "ሰ" ትላለች፤ ከዚያ ከንፈሯ እንደተከፈተ ይቀራል። የቀረው ቃል የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው።

እኔና ወንድሜ ደግሞ ጠብቆ የማየት ተሰጥኦ የለንም። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት "ሰ" ስትል ወንድሜ ከግድግዳው ላይ ሰዓቱን አውርዶ አመጣላት፤ እኔ ሰሃን አመጣሁ። ሁለቱንም አየችና ዐይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች። ወንድሜ "ሰው ናፍቋት ነው" ብሎ ጎረቤት ሊጠራ ሲነሳ፣ እኔ "ሰላጣ አምሯት ነው" ብዬ ወደ ኩሽና በረርኩ። እስከ ከሰዓት ድረስ በሰ የሚጀምር ነገር ሁሉ፣ ሰንዱቁ ሳይቀር፣ አልጋዋ ዙሪያ ተከመረ። በመጨረሻ ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጠቋሚ ጣቷን ማጠፍና መዘርጋት፣ ማጠፍና መዘርጋት ስትጀምር ነገሩ በራልኝ።

"ሰንሰለት!" ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ሳቀች። የሳቀው ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው፤ ግን ሳቀች። እኔ ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት አቅፌ አለቀስኩ።

ሰንሰለት የኪሮሽ ሥራ ሁሉ መነሻ ነው። ጫፏ በታጠፈች መርፌ ክሩን ስበሽ አንድ ዐይን ታወጪያለሽ፤ በዚያ ዐይን ውስጥ ሌላ፣ በሌላው ውስጥ ሌላ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ይህንን ስትሠራ፣ ስትሸጥና ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። የቤታችን የፊት ክፍል የክር ሱቅ ነው። ሦስቱ ግድግዳዎች እስከ ጣራ ድረስ መደርደሪያ ናቸው፤ አራተኛው በርና መስኮት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ቀዩ ክር አጠገቡ ያለውን ነጭ ሮዝ ያስመስለዋል፤ ደንበኞችም "ይሄ ሮዝ ስንት ነው?" ብለው ይጠይቁና ወደ በሩ አውጥተው ሲያዩት ነጭ ሆኖ ያገኙታል። እናቴ በዚህ ማንንም አታርምም ነበር። "እስከ በሩ ድረስ ሮዝ ነው፤ ምን አጎደለባቸው" ትላለች።

የኪሮሽ ንድፍ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ንድፍ ስል ሥዕል አይደለም። ጽሑፍ ነው፤ ግን አንድም ሙሉ ቃል የሌለበት ጽሑፍ። ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት ሁሉ ሁለትና ሦስት ፊደል እየሆኑ የተቆራረጡ ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ቀለም ያለቀባቸው ነው የሚመስለው። እናቴ በወጣትነቷ ከአንዱ መጽሐፍ ላይ "ዲሲ" የሚለውን ድርብ ብላ አንብባ ለአራስ ልጅ ቆብ ሠራች። ቆቡ ሲያልቅ ለአባትየው ልክ ሆነ። ለካ በአንዱ አገር መጽሐፍ ድርብ ማለት የሆነው ምልክት በሌላው አገር መጽሐፍ ነጠላ ማለት ነው። ፊደሉ አንድ፣ ሥራው ሌላ። ነጠላ አጭር ናት፣ ድርብ ረጅም ናት፤ ቆቡም በዚያው ልክ ተመዘዘ። አባትየው ግን ብርዱን ሙሉ ሲያደርገው ከረመ አሉ።

ከዚያ በኋላ እናቴ "የሰው አገር ምኅጻረ ቃል በቃኝ" ብላ የራሷን አወጣች። ሰ ሰንሰለት። ነ ነጠላ። ድ ድርብ። ግ ግማሽ ድርብ። ዐይን መዝለል ሲያስፈልግ ዝ፤ ይኸውም ዝለይ፣ ያቺን ዐይን ተዪያትና ወደሚቀጥለው እለፊ ማለት ነው። ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ማገናኘት አለ፤ እሱም ዝ ነው፣ ዝጊ። ሁለቱ እንዳይምታቱ ከዝጊ ሥር አንዲት ነጥብ ጣል ታደርግበት ነበር። ተማሪዎቿ "ሌላ ፊደል ጠፍቶ ነው?" ሲሏት "ነጥብ ማየት ያቃተው ሰው ኪሮሽ ምን ያደርግለታል?" ትላቸዋለች። ነጥብ ግን ትታያለች እንጂ አትሰማም። የእኛ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔን በሠፈሩ ሬዲዮ ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ ወንድሜ ነው፤ ስነሳ እከፈታለሁ፣ ስተኛ እዘጋለሁ፣ በመካከል ማስታወቂያ እንኳን የለኝም። ምን ላድርግ፣ ዝምታ ያስፈራኛል። ሰው ዝም ሲል አንድ ነገር የተሰበረ ይመስለኛል፤ ልጠግን እሮጣለሁ። ከእናቴ ጋር ሱቅ ስንውል እሷ ትሠራለች፣ እኔ የባጥ የቆጡን አወራለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ለደንበኛው አወራለሁ፤ ደንበኛው ሲሄድ ስለ ደንበኛው አወራለሁ።

አንድ ነገር ግን በወሬ መካከል አሾልኬ ያሳለፍኩት አለ። እናቴ ከመውደቋ በፊት ባለው ሰሞን፣ ከሐይቁ ማዶ ካለው ከተማ፣ ከአንድ የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ጥሪ መጥቶልኝ ነበር። ኪሮሽ ላስተምር። የራሴ ክፍል፣ የራሴ ሰሌዳ፣ መስኮቱ ወደ ውሃው የሚያይ። ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጥሳ "እና?" አለችኝ።

"እናማ ምን እና አለው። የት ጥዬሽ ነው የምሄደው" ብዬ ስለ ዳቦ ቤቱ ሴትዮ ድመት ማውራት ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ወደቀች። ማሠልጠኛዎቹ ቢደውሉ "እናቴ ታማለች፣ ተውኝ" አልኳቸው፤ እነሱ ግን "ቦታሽን አልሰጠንም፣ አስቢበት" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ያንን ውሃ አየዋለሁ። አይቼው አላውቅም፤ ግን አየዋለሁ። ከዚያ ነቅቼ መደርደሪያ መወልወል እጀምራለሁ።

ሰንሰለቱ ከገባኝ ቀን ጀምሮ የቤቱ ኑሮ ተለወጠ። አልጋዋን ወደ ሱቁ አወጣነውና መስኮቱ ሥር አደረግነው። ቀኝ እጇ መርፌ አይጨብጥም፤ እኔ ግን እጅ አለኝ። እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነጭ የጥጥ ክር ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። "ሰ" ትላለች፤ ሰንሰለት አወጣለሁ። "ድ" ትላለች፤ ክሩን መርፌው ላይ ጠቅልዬ አስገባለሁ፣ እስባለሁ። ድምጿ ከእንቅልፍና ከንቃት መካከል የሚመጣ ነው። አንዱን ፊደል ተናግራ ዐይኗን ትከድናለች፤ ሁለተኛው ፊደል እስኪመጣ ደንበኛ ገብቶ ገዝቶ ይወጣል። በመካከል ያለውን ጊዜ እኔ በወሬ እሞላዋለሁ። የግድግዳው ሰዓት ከወረደ ወዲህ ወደ ቦታው የመለሰው ሰው ስለሌለ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ፀሐይ ቀዩ መደርደሪያ ላይ ስትደርስ ምሳ እንበላለን፤ ሰማያዊው ላይ ስትደርስ ሱቁን እንዘጋለን። አንዳንድ ቀን መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በሰና በድ የሚሄድ ይመስለኛል፤ አጭር እርምጃ፣ ረጅም እርምጃ። ሥራው በጭኔ ላይ እየረዘመ ጉልበቴን አልፎ ወረደ። ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኮራሁም። ለሐኪሙ ያልገባው፣ ለወንድሜ ያልገባው የእናቴ ቋንቋ የገባኝ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ጠያቂ ሲመጣ አስተርጓሚ ሆንኩ። "ደ" ስትል "ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ ነው የምትላችሁ" እላለሁ። "ው" ስትል "ውሃ" እላለሁ፤ ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ፊቷን ብታዞር "አሁን አስጠላት" እላለሁ። ቃሉ ሳያልቅ ከአፏ እነጥቅና ለሰው አቀብላለሁ። እንግዶቹም "አይ ልጅ! የልብ ልጅ!" ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ።

ሥራው ላይ ሳለን ደግሞ አልፎ አልፎ "ዝ" ትላለች። ያኔ አንድ ዐይን እዘልና እቀጥላለሁ፤ ቦታው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው የሚያምር ነበር።

ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ከሁላችንም በላይ ለእናቴ የሚሳሳ ሰው ነው፤ ግን ነገር ሲወስን መኪናውን እንደሚያቆመው ነው፣ አንዴ ቆመ ቆመ። አንድ ቀን ልብሱን እንኳን ሳይለውጥ መጥቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"እማዬ" አለ፣ "ከመንገዱ ማዶ ስልክ የሚሸጠው ባለሞባይል ሱቃችንን እፈልገዋለሁ ብሏል። እስከ እሑድ መልስ ስጡኝ ነው የሚለው። አንቺ ደግሞ እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ ባለቤቴ ክፍልሽን አሰናድታ ጨርሳለች። በረንዳው ላይ ሠፈር እያየሽ ፀሐይ ትሞቂያለሽ። ምን ትያለሽ?"

እናቴ አፏን ከፈተች።

"ምን ትላለች!" አልኩ እኔ፣ መርፌውን እንደያዝኩ ብድግ ብዬ። "ይሄ ሱቅ እስትንፋሷ ነው! ከክሯ መካከል አውጥተህ እንደ ታጠበ ልብስ በረንዳ ላይ ልታሰጣት ነው? እዚያስ የምትለው ለማን ይገባዋል? ሚስትህ ድርብና ነጠላ ትለያለች?"

"ዝ" አለች እናቴ።

ሁለታችንም ዞርን።

"ይኸው!" አለ ወንድሜ። "ዝጉት አለች። በቃ፣ ከራሷ አፍ ወጣ።"

"ዝለሉት ነው ያለችው! ይሄን ወሬ ዝለሉትና ሥራችሁን ቀጥሉ ነው የምትለው።"

"ነጥብ ያላት ናት የሌላት?"

"የሌላት!"

"አንቺ ነጥብ መስማት ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርሽው፣ ሬዲዮ?"

"አንተስ?"

"ዝ!" አለች እናቴ፣ አሁን ጠንከር አድርጋ።

"ሰማሽ? ጠንከር ያለችው ነጥብ ያላት ናት" አለ ወንድሜ።

እናቴ ዐይኗን ጨፈነች። ወንድሜ ግንባሯን ስሟት ወጣ፤ በሩን ግን እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አልዘጋውም። እኔ በርጩማዬ ላይ ተመልሼ እሠራ ጀመር፤ አፌም አላረፈም። ስለ ወንድሜ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ባለሞባይሉ፣ ስለ ዘመኑ አወራሁ። እናቴ ስንት ጊዜ "ዝ" እንዳለችኝ አላስታውስም፤ በየጊዜው ግን ታዝዤ ዘለልኩ።

በማግስቱ ነገሩን እልባት ልሰጠው ተነሳሁ። ከክር ካርቶን ሁለት ክዳን ቆርጬ ሁለት ትልልቅ ዝ ጻፍኩ፤ በአንዱ ሥር ባቄላ የምታህል ነጥብ አደረግኩ። ሁለቱን ፊት ለፊቷ ይዤ ቆምኩ።

"እማዬ፣ በጣትሽ ብቻ አሳዪኝ። ይሄኛው ከሆነ እንዘጋለን፤ ይሄኛው ከሆነ እንቀጥላለን። ወንድሜን አትፍሪው፣ እኔ አለሁልሽ። ደግሞ በረንዳ በረንዳ የሚለውን አትስሚው፤ በረንዳው አቧራ ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ዐይንሽን ያምሻል..."

ሁለቱንም ካርቶኖች በግራ እጇ መትታ ጣለቻቸው። "ዝ" አለች፤ ዐይኗም እንባ አቀረረ።

"የትኛው?" አልኩ። ወይኔ። "የትኛው ነው እማዬ?"

በዚያው ቀን ከሰዓት ክር የሚመጣበት ጆንያ ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ነጩ ሥራ ከጭኔ ወርዶ፣ በበሩ ወጥቶ፣ መንገዱን አልፎ ሐይቁ ላይ ተዘርግቷል። እናቴ በሁለት ጤነኛ እግሮቿ እላዩ ላይ ትሄዳለች፤ እኔ እከተላታለሁ። ቀዳዳዎቹ ጋ ስደርስ ውሃው ከሥር ይታየኛል፤ ልዝለለው ልዝጋው አላውቅም። እናቴ ዞር ብላ ትነግረኛለች። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ ሙሉ ቃል እንደሆነ ከከንፈሯ አውቃለሁ። አልሰማትም እንጂ። የማልሰማት ግን ስለራቀች አይደለም፤ አንድ ሰው ከኋላዬ ሳያቋርጥ እያወራ ነው። ማን እንደሆነ ዞሬ ሳላየው ነቃሁ።

ቅዳሜ ሲስተር መጡ። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የእናቴ የረጅም ዘመን ጓደኛም ደንበኛም። ሲናገሩ ቀስ ነው፤ አንድ ቃል ተናግረው መነጽራቸውን ይጠርጉና ሁለተኛውን ይናገራሉ። ክር ሊገዙ መጥተው ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡና ሥራዬን ከበርጩማው ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

"ይሄ የማን ንድፍ ነው?"

"የእማዬ ነዋ፣ ሲስተር! እሷ እየነገረችኝ ነው የሠራሁት። አንድም ነገር ከራሴ አልጨመርኩበትም።"

መነጽራቸውን ጠረጉ።

"ሰንሰለቱና ድርቡ ሥርዓት አለው። ቀዳዳዎቹ ግን ሥርዓት የላቸውም። እዚህ አንድ። እዚያ ሦስት ተከታትለው። እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም።"

"ዝ ስትለኝ ነው የዘለልኩት!" አልኩ ቱግ ብዬ። "እሷ ሳትለኝ አንድም ዐይን አልዘለልኩም።"

"እንዳልሽ" አሉ ሲስተር፤ ጣታቸውንም አንዱ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ። "እዚህ ጋ ስትደርሺ ምን ላይ ነበራችሁ?"

ኪሮሽ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሥራሽን ስታዪው ስትሠሪው የነበረው ቀን ሁሉ ይመጣብሻል፤ ማን እንደገባ፣ ምን እንደተባለ፣ ሻዩ መቼ እንደቀዘቀዘ። ያቺን ቀዳዳ አየኋት። እዚያ ጋ ስለ ዳቦ ቤቱ ሴትዮ ድመት እያወራሁ ነበር። ቀጥሎ ያለችውን አየሁ። እዚያ ጋ የጎረቤታችን ልጅ እናቴን "ይሻልሻል?" ብላ ጠይቃት እኔ መልስ እየሰጠሁላት ነበር። ሦስቱ ተከታትለው ያሉት ወንድሜ በሩን ጓ አድርጎ ዘግቶ የወጣ ቀን ናቸው፤ ያን ቀን ስለ ሚስቱ ያላልኩት የለም። ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ዝም ብዬ የሠራሁበት ቦታ ጥቂት ነው፤ እዚያ ቀዳዳ የለም። ቀዳዳ ባለበት ሁሉ እኔ አለሁ።

"ዝም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ዝም በይ ነው ያለችኝ፣ ሲስተር። ዝለይ አይደለም። ዝጊም አይደለም። ዝም በይ።"

ሲስተር እኔን አዩ፤ ሥራውን አዩ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ መነጽራቸው ወደቀ። ወደ አልጋው ዞርኩ። እናቴ ነቅታለች፤ ግማሽ ፊቷ ስቆ ስቆ እንባዋ በሁለቱም ጉንጮቿ ይወርዳል።

እኔ አልሳቅኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አፈርኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ልትነግረኝ ስትታገል፣ እኔ ቃሏን እየነጠቅኩ ወግ ስጠርቅባት ኖሬአለሁ። የእናቴን ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ስል ሰንብቼ፣ ጭኔ ላይ ያለው የራሴ ልፍለፋ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም በነጭ ክር።

እሑድ ወንድሜና ባለሞባይሉ አብረው መጡ። ባለሞባይሉ ትሑት ወጣት ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ "እማማ፣ እንደምን ዋሉ?" አለና ጫማውን ማራገፍ ጀመረ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ። ወንድሜ አፉን ሲከፍት እጄን አነሳሁ።

"ዛሬ ማንም ምንም አይልም" አልኩት። "እኔም ጭምር። እማዬ እስክትናገር እንጠብቃለን።"

"አንቺ?" አለ።

"እኔ።"

ቁጭ አልን። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የመንገዱ ድምፅ ገባ። አንድ ሰው ፉጨት እያፏጨ አለፈ። ምላሴ አፌ ውስጥ ተነስቶ ቁጭ ይላል። ስለ ፉጨቱ አንድ ነገር ብል ምን ነበረበት፤ ጥርሴን ነከስኩ። ፀሐይ ከነጩ ወደ ቀዩ ስትሻገር አየኋት፤ ስትሻገር አይቻት አላውቅም ነበር፣ ሁልጊዜ ከደረሰች በኋላ ነበር የማገኛት። የክሩን ሽታ ሰማሁት። እናቴ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ የራሱ መንገድ አለው፣ ይወጣል፣ ይቆያል፣ ይመለሳል። የባለሞባይሉ ስልክ ጮኸ፤ ደንግጦ አጠፋው። ወንድሜ ግድግዳው ላይ ሰዓቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየ ነበር። ቀስ በቀስ ያ የምፈራው ዝምታ ክፍሉን ሞላው፤ ምንም ነገር ግን አልተሰበረም።

"አን" አለች እናቴ።

ወንድሜ ሊንቀሳቀስ ሲል ጉልበቱን ያዝኩት። "አንድ" ሊሆን ይችላል። "አንሱኝ" ሊሆን ይችላል። ብዙ ቃል መጣብኝ፤ ሁሉንም ዋጥኩ።

"አን... ቺ" አለች፤ ዐይኗም እኔ ላይ ነበር። አረፈች። ከንፈሯን አረጠበች። "ምን... ት... ትፈ..."

ጠበቅን። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ፤ ልጠርግላት አልተነሳሁም።

"ትፈልጊ... ያለሽ?"

አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፤ ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያዋ። ስለ ሱቁ አልነበረም። ስለ በረንዳው አልነበረም። ስንጣላ፣ ካርቶን ስቆርጥ፣ ስዘል የከረምኩት ይህን ጥያቄ እንዳትጠይቀኝ ኖሯል።

እኔ፣ ሬዲዮዋ፣ ቃል አጣሁ። ወንድሜ የሚፈልገውን አውቃለሁ። ባለሞባይሉ የሚፈልገውን አውቃለሁ። እናቴ የምትፈልገውን ከራሷ በላይ ስናገር ከርሜአለሁ። የራሴን ግን ተናግሬው አላውቅም።

"ል..." አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

"ልቆይ ነው የምትለው" አለ ወንድሜ ለባለሞባይሉ። "ይቅርታ አድርግልኝ፤ እህቴ ሱቁን..."

"ዝም በል!" አለች እናቴ። አልተንተባተበችም።

ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

እናቴ ወደ እኔ ተመለሰችና ጠበቀችኝ። ቃሌን አልነጠቀችኝም፤ አላገዘችኝም። ስጠብቃት እንደዋልኩት ጠበቀችኝ። እንዲህ የተጠበቅኩበትን ቀን አላስታውስም። የምለውን ሳስበው መደርደሪያዎቹ ሁሉ ክራቸውን ይዘው እላዬ ላይ የሚወርዱ መሰለኝ።

"ልሂድ" አልኩ። "እማዬ፣ ልሂድ።"

ምንም አልወረደም። "ግን አንቺን ማን..." የሚለው ከኋላው እየተንጋጋ መጣ፤ ምላሴን ነክሼ መለስኩት። እያለቀስኩ ነበር። ወንድሜ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

የእናቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

"ሂ" አለች።

ማናችንም አላገዝናትም። እኔም፣ ወንድሜም፣ በሩ ላይ የቆመው ባለሞባይልም፣ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

"ጂ" አለች።